የጋራ ልብስ ማጠቢያችን ሊዘጋ ነው፣ ምን ላርግ?

«እንደት ነሽልኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ ኮንዶሚኒየም ነው ምኖረው፣ ብሎካችን 32 አባወራ አለው ግማሹ ተከራይ ነው። ኮሚናሉ ውስጥ ሶስት የሲሚንቶ ገንዳ፣ ባለ 2000 ሊትር ሮቶ፣ ውጭ ደሞ የልብስ ማስጫ ገመድ አለን። ከሁለት ዓመት በፊት ተዋጥተን ባለ 7 ኪሎ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛን፣ ያኔ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። አሁን ማሽኑ መሀል ላይ ይቆምና ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ሰሪ ሁለቴ መጥቶ ተከፍሎት ሄደ በሳምንቱ ያው ነው። ውሃ በሶስት ቀን አንዴ ነው ሚመጣ፣ በሌሊት የተነሳ ሮቶውን ጨርሶት ይገባል። ተራ በቀን ከፋፍየ ለጠፍኩ፣ ቀደዱት። አንዱ ገንዳ ተደፍኗል። ባለፈው ጋቢ ከገመድ ጠፋና ጎረቤት ከጎረቤት ተኮራረፈ። የሰው ልብስ እያጠቡ ሚኖሩ አንድ እናት አሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ገንዳው ላይ ናቸው፣ ‹የኛን ውሃ እየሸጡ ነው ይከልከሉ› ሚለው ሰው በዝቷል። ኮሚቴው ደሞ እንዝጋውና ለሱቅ እናከራየው እያለ ነው። ብሩን ምይዝ እኔ ነኝ፣ አምስት ሳንቲም ሳልነካ ‹የት ገባ› መባል ጀመርኩ። ልልቀቅ ወይስ ይዘጋ ልበል? በጣም ደክሞኛል።»

ገንዘብ ያዥዋ ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሶስቴ ነው ያነበብኩት፣ ድካምሽ ከፊደሉ ላይ ይታያል። መልሴን አላቆይብሽም፣ አይዘጋ፣ አንችም አሁን አትልቀቂ፣ ግን ብቻሽን ተሸክመሽው አትቀጥይ። የጻፍሽልኝ ነገር ስድስት ሰባት ችግር ይመስላል፣ ማሽን፣ ውሃ፣ ተራ፣ ጋቢ፣ ብር፣ እኒያ እናት። እኔ ግን ደጋግሜ ሳየው አንድ ነገር ነው ሚታየኝ፣ እዛ ቤት ውስጥ «የኔ ነው» ብሎ ሚውል ሰው የለም። ሁሉም ይመጣል ያጥባል ይሄዳል። ሰው ሲኖር ደሞ፣ እኒያ እናት ማለቴ ነው፣ ይባረሩ ይባላል። ወደሳቸው እመለሳለሁ።

እኔ ፍኖተ ሰላም ነው ያደግሁት፣ ልጅ ሁኜ ከእናቴ ጋር ላህ ወንዝ ልብስ ልናጥብ እንወርድ ነበር። ወንዙ የማንም አይደለም፣ ዝርዝር ሚለጥፍ የለም፣ ተራ ሚጠራ የለም፣ ግን ማን የቱ ድንጋይ ላይ እንደሚያጥብ ይታወቃል። ነጭ ያላት ከላይ፣ የህጻን ጨርቅና የስራ ልብስ ያላት ከታች፣ ቀድማ የመጣች ትጨርስና ድንጋዩን ውሃ ደፍታበት ነው ምትለቅ። አዲስ ሰው ከመጣች «እህት፣ ይች የማን ናት» ብላ ትጠይቃለች። እኛ ልጆቹ ደሞ ሳሩ ላይ የተሰጣውን ልብስ ከከብትና ከፍየል እንጠብቃለን፣ ደመና ሲመጣ እንሰበስባለን፣ ይሄ ስራችን ነበር። አየሽ፣ ወንዙን ያስከበረው ህግ አልነበረም፣ ሁልጊዜ እዛ ሰው መኖሩ ነው። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ገንዳውን አገኘን፣ ጠባቂዎቹን ግን እዛው ወንዙ ዳር ተውናቸው።

መጀመሪያ ማሽኑን እንጨርሰው፣ እሱ ካልተነሳ ስብሰባ ላይ ማንም ሌላ ነገር አይሰማሽም።

ሰሪ ከመጥራትሽ በፊት አንድ ነገር አርጊ። ሶኬቱን ንቀይ፣ ቧንቧውን ዝጊ፣ ከማሽኑ ኋላ ውሃ ሚያስገባውን ቱቦ በእጅሽ ፍቺው። ቱቦው ከሚገጠምበት ቀዳዳ ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር ምታክል የላስቲክ ወንፊት አለች፣ መሀሏ ላይ ትንሽ መያዣ ነገር አላት፣ በፒንሳ ቆንጠጥ አርገሽ ቀስ ብለሽ ሳቢያት። እመኝኝ፣ ስትወጣ ወንፊት አትመስልም፣ ቡናማ ጭቃ የለጠፈባት ቁራጭ ነው ምትመስለው። ውሃ በፈረቃ ሚመጣበት ሰፈር መስመሩ ባዶ ሁኖ ይከርምና ድንገት ሲሞላ ዝገቱንም ደለሉንም ጠርጎ ነው ሚያመጣው፣ እሱ ሁሉ እችው ወንፊት ላይ ነው ሚያርፍ። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ከሁለቱም በኩል አሽተሽ እጠቢያት፣ ወደ ብርሃን አንስተሽ እይባት፣ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩሽ መልሰሽ ክተቻት። ማሽን መሀል ላይ ቁሞ ጢጥ ጢጥ ሚል ብዙ ጊዜ «ውሃ አልደረሰኝም» እያለ ነው። እኔ ባህር ዳር ተከራይቼ ስኖር አንድ ሰሪ ሁለት ጊዜ «እቃ ቀየርኩ» ብሎ አስከፍሎኝ በኋላ ጎረቤቴ ይችን ወንፊት ባጠበልኝ ቀን ነው ማሽኔ የተነሳው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዛ ወዲህ እቃ ተቀየረ ሲባል አሮጌውን እቃ በእጄ ሳልቀበል አልከፍልም፣ አንችም እንደዛ አርጊ።

ወንፊቷ ጸድታ አሁንም ከቆመ ሮቶው የተቀመጠበትን እይ። የውሃ ግፊት ከከፍታ ነው ሚገኘው፣ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ ስለዚህ ሮቶው ከማሽኑ 1 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከሆነ የተቀመጠው ያለሽ ግፊት 0.1 ባር ነው፣ ብዙዎቹ ማሽኖች ደሞ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ካላገኙ አይሰሩም። ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይወርዳል እኮ ትያለሽ፣ ለገንዳ ይበቃል ለማሽን አይበቃም። ወይ ሮቶውን ከማሽኑ ከ4 እስከ 5 ሜትር ከፍ ማረግ ነው ወይ ትንሽ የግፊት ፓምፕ መግጠም። ከፍ ይደረግ ከተባለ ግን አደራ፣ 2000 ሊትር ውሃ ማለት 2000 ኪሎ ነው፣ ሁለት ቶን ሰው ራስ ላይ ሰቅሎ በእንጨት ርብራብ አይቀለድም፣ የብረት ማቆሚያ በሚያውቅ ብየዳ ሰሪ ይሰራ።

ሌላው ኦሞ ነው። ለእጅ እጥበት የተሰራው ዱቄት ሳሙና አረፋው ብዙ ነው፣ ፊት ለፊት ሚከፈት ማሽን አረፋ ሲበዛበት መጨመቅ ያቅተዋል ወይ በሩ ስር ያንጠባጥባል። ለማሽን የተሰራውን፣ አውቶማቲክ ተብሎ የተጻፈበትን ነው መጠቀም፣ እሱም ትንሽ። እያንዳንዱ የራሱን ሳሙና እያመጣ ከሚደፋበት ኮሚቴው በጅምላ ገዝቶ በማንኪያ ቢሰፈር ይሻላል እላለሁ፣ ማሽኑም ይተርፋል ሂሳቡም ይቀላል። ከታች በፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ደሞ በየሳምንቱ ክፈቷት፣ ሳህን ከስሯ አስቀምጣችሁ ምክንያቱም ውሃ ይፈሳል፣ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የነጠላ ዘርፍ ምናምን ሁሉ እዛ ነው ሚሰበሰብ። መብራት ሲሄድ ወዲያው ሶኬቱ ይነቀል፣ መብራቱ ሲመለስ ከፍና ዝቅ እያለ ስለሚመጣ ቦርዱን ሚያቃጥለው እሱ ነው፣ ብር ሲገኝ ስታቢላይዘር ግዙ። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ማሽን ከሚበላው መብራት ትልቁ ውሃ ለማሞቅ ሚሄደው ነው።

ጋቢ ማሽን ውስጥ አይግባ ብየ ብጽፍ ብዙ ሰው ይቆጣኛል ግን እውነቱን ልንገርሽ። 7 ኪሎ የተባለው በደረቁ ሲመዘን ነው፣ ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ጋቢ ደሞ ለብቻው ሲገባ ተጠቅልሎ ባንድ በኩል ይከማችና ሲጨመቅ ማሽኑን እንደ ወፍጮ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ 32 ቤት ጋቢውን እያስገባ ከሆነ የውስጡ ማንጠልጠያ ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ጋቢ ለገንዳ ነው፣ የእናቶቻችን ጋቢ በእንዶድ እየታጠበ ነው ስንት ዘመን ነጭ ሁኖ የኖረ።

እንዶድ ካልኩ አይቀር ይችን ልንገርሽ፣ ስብሰባ ላይ «ለልብስ እጥበት ነው እንዴ ሰው ምትሰበስቡ» ሚል ስለማይጠፋ ያዣት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ ሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሁሉ ሙቶ አየ። ከዛ ነው እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቀው፣ በ1989 ከባልደረባው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በስዊድን ራይት ላይቭሊሁድ ሚባለውን ሽልማት ተሸለሙበት። ያ ሁሉ ነገር የተጀመረው ልብስ ማጠቢያ ቦታ ላይ ነው። እና ማንም ያንን ቦታ አሳንሶ ሲያወራ አትፈሪ፣ ንጽህና፣ ጤና፣ የእናቶች ወገብ፣ ጉርብትና፣ ሁሉም እዛ ነው ያለ።

ወደ ውሃው ልመለስ። ተራውን በቀን ከፋፍለሽ መለጠፍሽ ሀሳቡ ጥሩ ነበር ግን ሁለት ነገር ገጭቶታል። አንደኛው ውሃው ቀን አይቆጥርም፣ የኔ ቀን ማክሰኞ ነው ብላ የጠበቀች ሴት ማክሰኞ ሮቶው ባዶ ከሆነ ተራዋ ተበላ ማለት ነው፣ ወረቀቱን ብትቀድ አይፈረድባትም። ሁለተኛው በዓል ነው። አገራችንን ታውቂዋለሽ፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በመድኃኔዓለም ልብስ ማታጥብ ቤት ብዙ ናት፣ ሰንበት ደሞ አይነካም። 12 ወይ 21 የደረሳት ሴት ወይ በዓሏን ትሽራለች ወይ ተራዋን ትተዋለች፣ ሁለቱም ቅሬታ ነው።

ስለዚህ ቀኑን ተይውና በሙሌት አርጊው። ሮቶው ሲሞላ 2000 ሊትር ነው፣ በ20 ሊትር ጀሪካን 100 ጀሪካን ማለት ነው። ለ32 ቤት ብታካፍይው ሶስት ሶስት ጀሪካን ይደርሳል፣ ይሄ ለማሽን አንዴ ቢበቃ ነው፣ አንድ እጥበት 50 ሊትር ገደማ ይወስዳል ብለሽ አስቢ። ከዛ ይልቅ ብሎኩን ለሁለት ክፈይው፣ አስራ ስድስት ቤት በዚህ ሙሌት አስራ ስድስቱ በሚቀጥለው፣ ያኔ ለያንዳንዱ ስድስት ጀሪካን ይደርሰዋል፣ አንድ ማሽንና አንድ ገንዳ በደንብ ይወጣዋል፣ ለመጥረጊያም ትንሽ ይተርፋል። ውሃው ረቡዕ ይምጣ ቅዳሜ ይምጣ የሙሌቱ ተራ አይጠፋም። ማርያም ላይ ከዋለ ያ ውሃ ይጠብቃል፣ ወይ ደሞ ብሎካችሁ ውስጥ ሙስሊም ጎረቤቶች ካሉ እነሱ እሁድንም 21ንም ማጠብ ይችላሉ፣ ጁምዓ ላይ ደሞ እናንተ ትቀድማላችሁ፣ ይሄን መቀያየር ራሳቸው ደስ ብሏቸው ነው ሚያደርጉት፣ ጠይቂያቸው ብቻ። ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ሰሞን ግን ሁሉም ባንዴ ነጭ ይዞ ስለሚመጣ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ለብቻው ተነጋገሩበት፣ የዛ ሰሞን ጸብ ዓመት ይዘልቃል።

ሌሊት ተነስቶ ሮቶ ሚጨርሰው ሰው ላይ እንዳትፈርጅ፣ እሱም ተራው እንዳይበላ ፈርቶ ነው ሌሊት ሚነሳው። የሮቶው ቧንቧ ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፉ ግን ኮሚቴ ቤት አይቀመጥ፣ ሚውል ሰው እጅ ላይ ይሁን።

ሚውል ሰው ወዳልኩት መጣሁ።

እኒያ እናት ከጠዋት እስከ ማታ ገንዳው ላይ ናቸው ብለሽ እንደ ክስ ነው የጻፍሽልኝ፣ የሰውን አፍ ነው ምታስተላልፊልኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ሳነበው ልቤ ዘለለ። እናንተ ምትፈልጉት ሰው እኮ ከጠዋት እስከ ማታ እዛ ሚውል ሰው ነው! ማን መጣ ማን ሄደ ሚያውቁ፣ የቱ ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ ሚያውቁ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድመው ሚያዩ፣ ውሃ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደገባ ሚያውቁ። ታዲያ እሳቸውን አባርሮ ማን ሊቀጠር ነው?

የውሃው ቅሬታ ግን ዝም ሚባል አይደለም። የውሃ ሂሳብ ሁሉም እያዋጣ አንድ ሰው ለስራው ከተጠቀመበት ሰው ቢያጉረመርም እውነት አለው፣ ይሄን ክደሽ ስብሰባ ብትገቢ ትሸነፊያለሽ። ስለዚህ በግልጽ ይቀመጥ፣ እሳቸው ማጠቢያ ቤቱን ይይዛሉ፣ ጠዋት ይከፍታሉ ማታ ይዘጋሉ፣ ተራ ይጠራሉ፣ በጀሪካን ይቆጥራሉ፣ ገንዳ ያስጠርጋሉ፣ ከማሽን እጥበት ሚከፈለውን ተቀብለው በደብተር ያሰፍራሉ። ለዚህ በየወሩ ደሞዝ ይከፈላቸዋል፣ ከያንዳንዱ ሙሌት ደሞ ይሄን ያህል ጀሪካን የሳቸው ነው ተብሎ ይቆረጥላቸዋል፣ በዛ የሰው ልብስ አጥበው ይሸጡ አይሽጡ የሳቸው ጉዳይ ነው። ያኔ «የኛን ውሃ» ሚለው ነገር ያበቃል፣ የደሞዛቸው አካል ነዋ። መጻፍ ካልቻሉ ብሎኩ ውስጥ ተማሪ ልጅ አይጠፋም፣ ማታ ማታ አስር ደቂቃ ደብተሩን ይሙላላቸው።

ሶስት ነገር አደራ ልበልሽ ስለሳቸው። ደሞዙ ጽድቅ እንዳይመስል፣ ስራ ነው፣ በወሩ መጀመሪያ ሳይጠይቁ ይሰጣቸው። ሁለተኛ ሮቶ ላይ ውጡ፣ ማሽን ግፉ፣ እርጥብ ጋቢ ተሸከሙ አይባሉ፣ እሱን ወጣቶቹ ያርጉት፣ ብሎካችሁ ውስጥ ወጣት ሞልቷል። ሶስተኛ ልብስ ቢጠፋ እሳቸው ተጠያቂ አይደሉም ተብሎ ከመጀመሪያው ይጻፍ፣ አለዚያ የመጀመሪያዋ ካልሲ የጠፋች ቀን ያለቀሱ እናት ይሆናሉ። እኔ በሰው ልብስ እጥበት ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች አውቃለሁ፣ እጃቸው በበረኪና ነጭ ሁኖ የተሰነጠቀ፣ አንዳቸውም ግን በስራቸው ሲያፍሩ አላየሁም፣ ሚያሳፍራቸው ሰው ነው። እባክሽ ብሎካችሁ ውስጥ ይሄ አይሁን።

የተደፈነው ገንዳ ላይ አሲድ እንዳትደፉበት አደራ። በረኪና ሲፈስበት የኖረ ቦታ ላይ አሲድ ሲደፋ ሳንባ ሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ ቤቱም ጠባብ ነው። ብዙ ጊዜ ሚደፍነው የጨርቅ ብናኝና ሳሙና ተጋግሮ ነው፣ በሽቦ ይሳብ፣ ከዛ አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት ይገጠምለት፣ በቃ።

የጋቢውን ነገር ተይው እላለሁ። ቤት ለቤት ፍተሻ፣ ማሉ ተማማሉ ሚባል ነገር እንዳይጀመር፣ ጋቢ ይተካል። የተኮራረፉትን ሁለት ሽማግሌ ይዛችሁ አስታርቁ፣ ለወደፊቱ ደሞ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቀለም ክር ይምረጥና የልብሱ ጠርዝ ላይ ሁለት ስፌት ያርግበት። ማርቆስ ክረምት ላይ ልብስ ገመድ ላይ ሁለት ቀን ነው ሚያድር፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ጠፋ ሚባለው በስህተት የተሰበሰበ ነው። ገመዱ ላይ ቆርቆሮ ብታለብሱት ደሞ ሰው ልብሱን እዛው ለማሳደር አይሳቀቅም።

አሁን ብሩ። አምስት ሳንቲም አልነካሁም ብለሻል፣ አምንሻለሁ፣ ግን ማመን ለኔ ይበቃል ለጎረቤት አይበቃም። አንቺን ሚያድንሽ ምስክር አይደለም ወረቀት ነው። ዛሬ ማታ ቁጭ በይና እስካሁን የገባውንና የወጣውን ማስታወስ ምትችይውን ሁሉ ጻፊ፣ ደረሰኝ ያለውን ለይ የሌለውን «ደረሰኝ የለኝም» ብለሽ በግልጽ አስፍሪ፣ አትደብቂው። ስብሰባው ላይ አንብቢላቸውና ማጠቢያው ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ከዛ በኋላ በየወሩ አንድ ገጽ፣ የገባ ይሄ የወጣ ይሄ ያለ ይሄ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ ፎቶውን እዛም ላይ። ብሩ በሁለት ሰው ፊርማ ሚወጣበት የባንክ አካውንት ይግባ፣ አንዱ ፈራሚ የኮሚቴ ሰው ባይሆን እመርጣለሁ፣ ከተከራዮቹ አንድ ሰው ቢሆን ደሞ በጣም ደስ ይለኛል፣ ግማሹ ብሎክ እነሱ ናቸው፣ ያጥባሉ ይከፍላሉ ስብሰባ ላይ ግን ማንም አይጠራቸውም፣ ከዛ ወረቀት ሲቀደድ እንገረማለን።

ስንት ይዋጣ ብለሽ አልጠየቅሽኝም ግን ልበልሽ። ለምሳሌ በወር 50 ብር ቢሆን 32 ቤት 1600 ብር ይሰጣል፣ እሱ ብቻውን ለሰው ደሞዝ አይበቃም፣ ስለዚህ ከማሽን በየእጥበቱ ሚከፈል ይጨመርበታል፣ በማሽን ሚጠቀም ትንሽ ይብዛበት በእጁ ሚያጥብ ይቅለለው፣ ይሄ ፍትህ ነው። ቁጥሩን እናንተ አስሉት። እኔ ምጨነቀው ለአንዷ ነገር ነው፣ የጥገና ብር ለብቻዋ ትቀመጥ፣ ለለቅሶም ለበዓልም ለጽዳትም አትነካ። ድሮ የነበርኩበት ግቢ የውሃ ፓምፑ ሲቃጠል መጠገኛ ብር ስለሌለ ሰባት ወር ሙሉ ውሃ በጀሪካን አመላለስን፣ ያ ሁሉ ሰው ትንሽ ትንሽ ቢያስቀምጥ ኖሮ የአንድ ቀን ስራ ነበር።

ለሱቅ ይከራይ ስለሚሉት። የመጀመሪያው ወር ኪራይ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ፣ ኮሚቴውም ክፉ አስቦ አይደለም ታክቶት ነው። ግን 32 ቤት ልብስ ማጠቡን አያቆምም፣ ሻወር ቤቱ ውስጥ ያጥባል፣ በረንዳ ላይ ያሰጣል፣ ውሃው ከአራተኛ ፎቅ ሶስተኛ ፎቅ ያለች ሴት እንጀራ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጸቡ ከኮሚናል ተነስቶ ደረጃ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ደሞ ኮሚቴ ብቻውን ተነስቶ ሚያደርገው ነገር አይደለም፣ ኮሚናል የጋራ መጠቀሚያ ነው፣ የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995 ሚባለው፣ የጋራ መጠቀሚያን የባለቤቶቹ ሁሉ ነው ብሎ ማስተዳደሩንና መጠገኑን የማህበሩ ስራ አርጎ ነው ያስቀመጠው። ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ በይ፣ እዛ ላይ «ከሶስት ወር በኋላ ካልሰራ ስለ ኪራይ እናውራ» ብለሽ ጊዜ ጠይቂ። ሶስት ወር ይበቃል፣ ማሽኑ ከተነሳና ሮቶው ከተቆለፈ በሁለተኛው ወር ሰው ይረጋጋል።

ስለ መልቀቅሽ። ልቀቂ፣ ግን በሚመጣው መስከረም ልቀቂ፣ ዛሬ ብትለቂ «በልታ ሸሸች» ነው ሚባለው፣ እውነት ባይሆንም ማርቆስ ትንሽ ከተማ ናት ስምሽ አብሮሽ ይኖራል። ከአሁኑ ተናገሪ፣ እስከ ጳጉሜን እሰራለሁ፣ ሂሳቡን ቆጥሬ አስረክባለሁ፣ ተረካቢ ከአሁኑ ተመርጦ አጠገቤ ይቀመጥ በይ። ቀን ያለው ድካም ይቻላል። እስከዛ ድረስ ደሞ ማታ ማታ በርሽን አንኳኩቶ ስለ ውሃ ሚጠይቅሽን ሁሉ «ጠዋት ማጠቢያ ቤቱ ጋ» በይው፣ አንችም ቤት አለሽ ልጅ አለሽ፣ እረፍት ይገባሻል።

ከስብሰባው በፊት ግን አንድ ነገር አለ፣ ከሁሉም ትቀድማለች። ነገ ጠዋት ወደ እኒያ እናት ሂጂ። ኮሚቴ ይዘሽ እንዳትሄጂ ይደነግጣሉ፣ ሊያባርሩኝ ነው ይላሉ፣ ሰው ሲያወራባቸው መስማታቸው አይቀርም። ብቻሽን ሂጂ፣ ትንሽ ቡናና ስኳር ያዢ፣ ገንዳው ዳር ቁጭ በይ፣ የሚያጥቡትን አንዱን ጫፍ ያዥላቸውና አብረሽ ጭመቂ። ከዛ «እትዬ፣ ይሄን ቤት ቢይዙልን ምን ያስፈልግዎታል?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ የሚሉሽን ጻፊው፣ ስብሰባው ላይ መጀመሪያ ምታነቢው እሱን ይሁን። እምቢ ካሉም መብታቸው ነው፣ ያኔም ገንዳቸው እንዳለ ይቆይላቸው፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን። ግን እስክትጠይቂያቸው ድረስ ለማንም አታውሪ፣ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት።